የሚያልፍ ወፍ አይቆጠርም

ሶልቶ መንደር፣ ናምሄ ደሴት
ግንቦት 10

ይድረስ ለኦክሂ፣ ለአጎቴ ልጅ ለሳንግቾል ልጅ፣

ያለፉት አባቶቻችን በሰው አገር ጥላ ይሁኑሽ፤ የቆምሽበት መሬት አይክዳሽ። ጉልበቴን አሞኛል ብለሽ ነበር፣ ተሻለሽ ወይ? እዚህ የሩዝ ማሳው ውሃ ሞልቶታል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሊነቀል ደርሷል፣ እኛም እንደ ዕድሜያችን አለን።

ባለፈው ደውለሽ ነበር። አክስትሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ «ኦክሂ ናት! ከጀርመን!» ብላ ስትጮህ አፏን አይቼ ነው ያወቅሁት። ካንቺ ድምፅ ግን ምንም አልደረሰኝም። እባክሽ ሁለተኛ አትደውዪ፣ ጻፊልኝ፤ ዓይኔ ገና ጎበዝ ነው። የግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆየ፣ የቀኙም ዘንድሮ ተከተለው። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ነገር ሰጥቶኝ ነበር። ሳደርገው የሳህን ኳኳታና የአክስትሽን ቁጣ ብቻ አሰማኝ። ወፍ ካላሰማኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልሁት። መደንቆር አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የመንደሩ ሹም በየጠዋቱ በድምፅ ማጉያ የሚለፈልፈው አይሰማኝም። ትራክተሩ ሲያልፍ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጬ መዳፌን እንጨቱ ወለል ላይ ካደረግሁ በእጄ አውቀዋለሁ።

እናም ዘንድሮ ጆሮዬ አክስትሽ ናት። ጠዋት ጠዋት «ምን ይሰማል?» እላታለሁ። «ወፍ» ትለኛለች። «ምን ዓይነት ወፍ?» ስላት «የሚጮህ ወፍ!» ትላለች። ከእኔ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖራ ከቁራና ከዶሮ በቀር አትለይም። አንዱን ብቻ በግድ አስተምሬያታለሁ፣ ባለ ስምንት ቀለሙን ወፍ። «ሆይ-ሆይት፣ ሆይ-ሆይት» እያልሁ ከንፈሬ እስኪደርቅ አፏጨሁላት። ይህን ከሰማሽ የያዝሽውን ጥለሽ ነይ ብያታለሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እሺ መምህር፣ ሌላስ የሚታዘዝ አለ?» አለችኝ።

ከቤታችን በላይ ያለው የአባቶቻችን ጫካ ጭር እያለ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉም ወርዶ ስለነበር ከባሕር ማዶ የሚመጡት መንገደኛ ወፎች ሁሉ እኛ ጋ አርፈው ነበር። ቢጫ ጉሮሮዎቹ ዝንብ አዳኞች ከአንዱ ዛፍ አንዱ ዛፍ ሲሉ፣ ቅጠል መሐል የሚርመሰመሱት ደቃቆቹ ደግሞ ዓይን አያርፍባቸውም። አሁን ሰሜን ሄደዋል። ትናንት ጠዋት ሙሉ ብዞር አንዲት የደከመች ዝንብ አዳኝ ብቻ አየሁ። ጫካው የሰርግ ማግስት መስሏል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጫካውን ሸጡት። የቤተ ዘመዱ ጉባኤ ሶውል ተሰብስቦ፣ ምሳ በልቶ፣ እጅ አውጥቶ ሸጠው። ሰዎች ኳስ በዱላ የሚመቱበት ሜዳ ሊሆን ነው። «በውስጡ ያሉትን የአባቶቻችንን መቃብሮች በክብር እናዛውራለን» አሉ። አይሆንም ያልሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቃሌን ውሃ በላው። አሁን የቀረኝ አንድ በር ነው። መጋዝ ከመግባቱ በፊት ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች ከአውራጃው ይመጣሉ፣ በሰኔ መጨረሻ። ሆን ብለው መንገደኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው የሚመጡት፤ የሚያልፍ ወፍ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ጎጆ ሠርቶ የቀረው ነው። ባለ ስምንት ቀለሙ ደግሞ መንግሥት የሚጠብቀው ወፍ ስለሆነ፣ አንድ ጎጆ እንኳ ከተገኘ ጫካው አይነካም። አንድ ጎጆ፣ ኦክሂ። አምና አልመጣም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተስፋዬ ትንሽ ነው።

አጎትሽ ታክ ፕዮንግሆ


ቦኹም፣ ጀርመን
ግንቦት 19

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከባዱ ብርድ ልብስ ታጥቦ በሚታጠፍበት በዚህ ወራት ጤናዎ እንዴት ነው? የአክስቴስ ወገብ? ከሩቅ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብሁት። እዚያው ተቀመጥሁ፤ ጎረቤቴ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። ጫካ ብላት አይገባትም።

እኔም ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለችው ጫካ እያቋረጥሁ ነው ቤቴ የምገባው። እዚህ የሚመጡት ወፎች ከአፍሪካ የሚነሡ ናቸው፤ በረሃውን አቋርጠው፣ ባሕሩን ተሻግረው። እነሱም አልፈዋል። የዛሬ ሳምንት ዛፉ ሁሉ ይዘፍን ነበር፣ ዛሬ የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ወጣት ሆኜ ስመጣ እኔም ትንሽ ሠርቼ አልፋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ቀረሁ። በሚመጣው ዓመት ጡረታ ስወጣ ግን የአባቴን ቤት ጣሪያ አስጠግኜ እናንተ አጠገብ እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት አብረን ጫካ እንገባለን። ለእርስዎ ጆሮ እሆንዎታለሁ፤ አክስቴም ከዚህ ሥራ ትገላገላለች።

ባለ ስምንት ቀለሙን ያሳዩኝ ቀን ትዝ ይልዎታል? ወጣት መምህር ነበሩ፣ እኔ ገና የወተት ጥርሴ እየወለቀ ነበር። እንዳልጮህ አፌን በመዳፍዎ ያዙኝ። እጅዎ ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር። ወፉ ቅጠሉን በእግሩ እየጫረ ትል ሲያወጣ፣ ሆዱ ቀይ፣ ክንፉ ሰማያዊ፣ ምን ልበልዎት፣ ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ነገር አላየሁም። እርስዎ ጫካው እንዳይሸጥ ሲሉ እኔም እለምናለሁ፤ የምመለስበት ሌላ ቦታ የለኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። የሟቹ ባለቤቴ ካሜራ እርስዎ ጋ ነው፤ ከማዕድን ጉድጓድ ሲወጣ ሰማዩን የሚያነሣበት። ወፉ ከመጣ፣ ጎጆም ከሠራ፣ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። እኔ ለአውራጃው ቢሮ እልከዋለሁ። ቆጣሪዎቹ በዝናብ መጥተው ሳያዩት ቢመለሱስ? ሰው ያላየውን ነገር ማን ይከራከርለታል?

የእርስዎ ኦክሂ


ሶልቶ
ሰኔ 4

ለኦክሂ፣

ሰማዩ ይጠብቅሽ፣ እንጀራሽ አይጉደል። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አፌ ላይ የያዝሁት ነገር ሊያመልጠኝ ነው።

መጣ!

አክስትሽ ሽንኩርት ስትነቅል ነበር። አንድ ጊዜ እየሮጠች መጣች፣ እጇ ጭቃ፣ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ አንዱ ማሳው ውስጥ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ምንም። መጨረሻ ላይ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝና በከንፈሯ «ሆይ-ሆይት» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ዓይኔ እያያት፣ «ዘመድህ መጣልህ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለችኝ። አላፍርም፣ አለቀስሁ። እሷም «አሁን ያለቀስከውን ያህል እኔ ስታመም አላለቀስክም» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

መንገደኞቹ ሙሉ በሙሉ ሄደዋል። ጫካው ውስጥ የቀረው የሚኖርበት ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ስከታተለው ሰነበትሁና ጫካው መሐል ካለው ትልቅ ድንጋይ ሥር ጎጆውን አገኘሁት። ጭራሮና የድንጋይ ሽበት አለቱን ተጠግቶ ተከምሮ ክብ ሆኗል፣ በሩ በጎን። ሴቷ ተኝታበታለች፣ እንቁላል ጥላለች ማለት ነው። ከሩቅ ሆኜ አንድ ጊዜ አነሣሁትና ወጣሁ። ፎቶ ቤቱ ያጠበውን እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አስገብቻለሁ። ጨለም ያለ ነው። ፈርን የሚባለው የጥላ ቅጠልና አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ጋርደውታል። ገለል አድርጌ ባነሣ ኖሮ ቁልጭ ይል ነበር፤ አላደረግሁም። ያ ቅጠል በሩም ጣሪያውም ነው። ሰው ቤት ሄደሽ በሩን ነቅለሽ ፎቶ አታነሺም። ደህና አድርገሽ ካየሽው ክንፏ ላይ ያለው ሰማያዊ ይታያል።

አደራ፣ ኦክሂ። ፎቶው ለቢሮው ብቻ ነው። የመንደራችንን ስም ለሌላ ለማንም አትንገሪ። ለምን እንደምልሽ ፊቴን ብታዪ ይገባሽ ነበር።

ጡረታ ስትወጪ መምጣትሽ ደስ ብሎኛል፣ ግን መስከረም ሳይገባ ድረሺ። በመስከረም ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ብትመጪ አታገኚውም። ይህን በየዓመቱ ስለምደጋግመው አክስትሽ ሰልችቷታል። ዛሬም ከጎኔ ሆና ስጽፍ አየችኝና «ወፍህ ከአንተ ይሻላል፤ በመስከረም ሙቀት ፍለጋ ይሄዳል። አንተ ግን የብርዱን ወራት ሙሉ እዚሁ ትነጫነጭብኛለህ» አለችኝ።

አጎትሽ


ቦኹም
ሰኔ 13

ለተከበሩ አጎቴ፣

የጠዋት ጤዛ እግርዎን አያንሸራትት፤ ዜናዎ እንደዚህ ደስ ያሰኘኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ፎቶውን በመስኮቴ አጠገብ ሰቅየዋለሁ። መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ነው ያየሁት። ኋላ ዓይኗን አገኘኋት። እያየችኝ ነው!

ለቢሮው በዚያው ቀን ላክሁት። «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም። ቢሮ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ከሌሎቹ ወረቀቶች ሥር ይቀብሩታል። ስለዚህ እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። አንድ ነገር አድርጌያለሁ። አሁን አልነግርዎትም፣ ፍሬውን ሲያዩ ይመርቁኛል። እርስዎ ብቻዬን ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት፤ ወፍ የሚወድ ሰው አገራችን ውስጥ ስንት እንዳለ ቢያውቁ።

እስኪ ይጻፉልኝ። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ምን እንዳሉ።

ኦክሂ


ቦኹም
ሐምሌ 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር፤ ጤናዎን ግን አላውቅም። ደብዳቤ እጠብቃለሁ፣ የለም። የፖስታ ሳጥኑን በቀን ስንቴ እንደምከፍት ቢያዩ ይስቁብኛል። ደወልሁ፣ አክስቴ አንሥታ «ደህና ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሥራ ይዤያለሁ» ብላ ዘጋችብኝ። አክስቴ በሕይወቷ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም።

ምን ሆነ? ታመሙ? ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ።

ኦክሂ


ሶልቶ
ሐምሌ 9

ኦክሂ፣

እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። ሰላምታና ምርቃት እሱ ነው የሚያውቅበት፣ እኔ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው። እሱ አያውቅም። ፖስታ ቤት ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሽንኩርቱ መጋዘን እስከ ቤታችን መኪና ተደረደረ። ሰርግ ያለ ነው የመሰለኝ። ሰዎቹ ወረዱ፣ ሁሉም ከእግር እስከ ራስ ቅጠል ቅጠል የሚመስል ልብስ፣ ካሜራ አይደለም የያዙት፣ መድፍ ነው። እጃቸው ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የእሱ ፎቶ። ከሥሩ «የሶልቶን ጫካ እናድን» ይላል፣ የመንደራችን ስም፣ የአንቺም ስም። ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው አሉ።

አጎትሽ ወረቀቱን ብዙ ቆሞ አየው። ፊቱ ጠቆረ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ቢጤ ግን እጁን ይዞ «አባት፣ እኛ ከእርስዎ ጋር ነን። ይህ ፎቶ ጨለማ ነው፣ ማንም አያምነውም። ጥርት ያለ እናነሣና አገር እናስነሣለን» አለው። እየደጋገመ፣ አፉን እያሳየ። አጎትሽ ወደ እኔ ዞሮ ምን አለኝ መሰለሽ? «ኦክሂ ናት የላከችልኝ» አለ። ደስ ብሎት። እኔም ሞኟ የገብስ ሻይ አፈላሁ፣ ቂጣ ጠበስኩ፣ እንግዳ ነው ብዬ።

ይዟቸው ገባ። ጎጆውን ከሩቅ አሳያቸውና ሌላ ሰው እንዳይረብሽ ብሎ መንገዱ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ። ዘብ ቆመላቸው።

እነሱ መቀስ ይዘው ነበር። የአትክልት መቀስ። ፈርኑን አጨዱት፣ ያን ቅርንጫፍ ቆረጡት፣ ብርሃን እንዲገባ። ሁለቱም ወፎች ከላያቸው ሆነው እየጮሁ ነበር። በምን አወቅኩ? ሻይ ሲጠጣ አንዱ ጎረምሳ «እናት፣ እንዴት እንደሚጮሁ ይስሙ» ብሎ የቀዳውን አሰማኝ። በዚያ ጩኸት መሐል የመቀሱ ድምፅ ይሰማል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አጎትሽ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ። እንደ ድንጋይ።

የሩዝ ጭልፋዬን ይዤ ተነሣሁባቸው። «እናት፣ ቅጠል እኮ ነው፣ መልሶ ይበቅላል» አሉኝ። ያ እጁን የያዘው ሰውዬ መኪናው ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው ነበር። ለማን ልጮህ? ያነሡትን አንሥተዋል።

በማግስቱ ቁራ ጎጆውን ተገልጦ አገኘውና ገለበጠው። ወፎቹ ሲጮሁ ሰነበቱ፣ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ። ቆጣሪዎቹ በዝናብ መጡ፣ ባዶ ጎጆ አዩ። «ወፍም እንቁላልም የለም፤ መንገደኛ ወፍ ነው፣ አርፎ አልፏል» ብለው ጻፉ። አጎትሽ ለምስክር እንዲሆነው የዚያን ጥሩ ፎቶ አንድ ቅጂ ስጡኝ ብሎ ለፎቶ አንሺዎቹ ለጻፈው ደብዳቤ የመለሰለት ሰው የለም።

ምን እንዳየሁ ልንገርሽ። እንጨት ቤት ገብቶ ጆሮውን በጡጫ ሲመታ አየሁት። «አልሰማህም! አልሰማህም!» እያለ፣ አንዱን ከመታ ሌላውን።

አንቺ ላይ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅሽም። ስምሽ ሲነሣ ጀርባዬን እሰጥ ነበር። አሁን ወጥቶልኛል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አንቺን አልወቀሰም። «እንዳትጽፊላት። ካወቀች ራሷን ትበላለች፤ እኔ የሆነ ነገር እጽፍላታለሁ» ነው ያለኝ። የሚጽፍልሽን አምነሽ ተቀበዪው። እኔ የነገርኩሽ ግን እንደ ሞኝ ከምትጠብቂ ብዬ ነው።

ጉልበትሽን በሙቅ ፎጣ ጠቅልዪው።

አክስትሽ


ሶልቶ
ሐምሌ 11

ለኦክሂ፣

ዝናቡ በዚያም ካለ ራስሽን ሸፍኚ፤ የአባቶቻችን ዓይን ካንቺ አይለይ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ፤ ሽንኩርቱን ማሰርና መስቀል ነበር፣ ወገቤም ትንሽ ይዞኝ ነበር።

ጎጆው አልሆነም። ሸለምጥማጥ በላው። ጫካ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ሁሌም ይሆናል፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ፎቶ የሚያነሡ ሰዎችም መጥተው ነበር፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አክስትሽ ሻይ አፍልታላቸው ጠጥተው ሄዱ። ከየት ሰምተው እንደመጡ አላውቅም። ያ ሽንኩርት የሚጭነው ሾፌር አፉ አያርፍም፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያንቺ ፎቶ ቢሮው ደርሶ ምስክር ሆኖልናል፣ ወፍ ቆጣሪዎቹ ግን ሌላ ጻፉ።

እንግዲህ መጋዙ በመከር ይገባል። የአባትሽን ቤት ጣሪያ ለማስጠገን አትቸኩዪ። ከዚያ በረንዳ የሚታየው ምን እንደሚሆን እንጃ።

አጎትሽ


ቦኹም
ነሐሴ 3

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሙቀቱ በርትቷል ይላሉ፣ በረንዳው ጥላ ላይ ይዋሉ። አክስቴን ሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሸለምጥማጥ ነው ካሉ ሸለምጥማጥ ነው። ለቢሮውም ለሚኒስትሩም ጻፍሁ፤ «ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉኝ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለችው ጫካ ማለፍ ትቻለሁ፤ በዋናው መንገድ ነው የምሄደው። ፎቶውንም ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። እያየችኝ መተኛት አልቻልሁም።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያን ሾፌር ይማሩት። አፉ እንዳላረፈ አውቃለሁ። አደራ ተብሎ አደራውን በልቷል። ግን ምናልባት ክፉ አስቦ አልነበረም። ምናልባት ልጅ ሆኖ ያን ወፍ አይቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ካወቀው ብዙ ሰው ይጠብቀዋል ብሎ ይሆናል። ከዚያ ጫካ በስተቀር የሚመለስበት አልነበረውም ይሆናል። ያን ሾፌር አውቀዋለሁ ማለቴ አይደለም። ግን እንቅልፍ እንደሌለው እርግጠኛ ነኝ። ቢችሉ ይቅር ይበሉት። ባይችሉም አይፈርድብዎትም።

ኦክሂ


ሶልቶ
ጥቅምት 28

ለኦክሂ፣

የአባቶቻችን በረከት ይድረስሽ፤ ብርዱ ሳይብስ ደረትሽን ሸፍኚ። ዘገየሁ፣ አውቃለሁ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር።

መቃብሮቹን አነሡ። ቤተ ዘመዱ ከሶውል በአውቶቡስ መጥቶ ነበር፣ ሁሉም ጥቁር ልብስ፣ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ለሙታኑ የሩዝ አረቄውን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ፣ የቀረ ሽማግሌ ስለሌለ። የአባትሽን አጽም ለሠራተኞቹ አልሰጠሁም፤ በገዛ እጄ አነሣሁት። ቀላል ነበር። «ልጅህ ልትመጣ ነበር» አልሁት። አሁን ከሌሎቹ ጋር አመድ ሆኖ የሙታን አመድ በሚቀመጥበት ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፣ ስሙ በትክክል ተጽፏል፣ አይቻለሁ።

ስለ ሾፌሩ የጻፍሽው ገብቶኛል። ንገሪው፣ ካገኘሽው። ይቅር ብየዋለሁ። ከመጀመሪያውም አልተቆጣሁትም፤ የተቆጣሁት በሌላ ሰው ነው፣ አጠገቡ የሚሆነውን መስማት ባቃተው ሰው። እሱን ይቅር ማለት ነው ያቃተኝ። ሾፌሩ ግን ይተኛ። ሽማግሌ ሆኖ የማይተኛ አንድ ሰው ይበቃል።

አትምጪ፣ ኦክሂ። እወድሻለሁና ነው የምልሽ። እዚያ በቀረሽበት ቅሪ፤ ከሆስፒታልሽ ጀርባ ያለችውን ጫካ አትሽሻት። ሚያዝያ ሲመጣ ግቢባት። ቢያንስ አንዳችን ወፎቹ ሲያልፉ እንያቸው።

የዛሬውን ነግሬሽ ላብቃ። ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ልማዴ መዳፌን ወለሉ ላይ ሳደርግ እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። የሹሙ ትራክተር መሰለኝ፤ ትራክተር ግን ያልፋል፣ ይህ አላለፈም። ቀና ስል ከትልቁ ድንጋይ በላይ ካሉት ዛፎች አንዱ ሲወዛወዝ አየሁ። ከዚያ ቦታው ላይ ሰማይ ሆነ። አክስትሽ አጠገቤ ቆማ ወደዚያው እያየች ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ለሽንኩርት ጊዜው አይደለም።

እኔም እንደ ልማዴ «ምን ይሰማል?» አልኋት።

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፣ አፏን በደንብ እንዳየው ጎንበስ አለች።

«ወፍህ ነው» አለችኝ። «ሆይ-ሆይት፣ ሆይ-ሆይት ይላል።»

ጥቅምት እኮ ነው፣ ኦክሂ። በመስከረም እንደሚሄድ እኔ ብረሳው እሷ አትረሳውም፤ ስትቀልድብኝ የኖረችው በእሱ ነው። ዓይኗን አየሁት። እንደማውቅ ታውቃለች ወይ፣ አታውቅም ወይ፣ ያን መጠየቅ አልፈለግሁም።

ወለሉ አሁንም ይንቀጠቀጣል። መዳፌን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት።

«አዎ» አልኋት፣ «ዛሬ እኔም ሰማሁት።»

አጎትሽ ፕዮንግሆ